ምንጣፉ ላይ የተተወ ጫማ

አርብ፣ ጥር 22

አባዬ፣

አንድ የዋሸሁህ ነገር አለ። ደብዳቤውን በእሱ ልጀምር ብዬ ነበር፤ አሁን እስክሪብቶ ስይዝ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ እነግርሃለሁ። አንተ መቼም ትጠብቀኛለህ።

ነገ ከተለየኸን ድፍን አንድ ዓመት ይሆናል። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ በሰው ተሞልቷል። እማዬ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከማኅበሯ ሴቶች ጋር ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። እኔ ለነገ የሚነጠፈውን የጠረጴዛ ልብስ እንዳጥብ ታች ላውንደሪ ክፍል ተላክሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የወረድኩት። ሰው ሲበዛ የት እንደምገባ እንደሚጠፋኝ ታውቃለህ። ደብተሬን ማጠቢያ ማሽኑ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። ስለዚህ ፊደሌ ከተንቀጠቀጠ ማሽኑ ነው፤ እኔ አይደለሁም።

ቤታችን ያው ነው። ሰፈራችን ክሬሰንት ታውንም ያው ነው፤ ከሁለቱ አሳንሰሮች አንዱ አሁንም ተበላሽቷል። የሕንፃውን ማሞቂያ እንዲጠብቅ በአንተ ቦታ የተቀጠረው ሰው ደግ ነው፤ ሲያየኝ ባርኔጣውን ያነሳልኛል። ግን እንዳንተ ቧንቧው ላይ ጆሮውን አስደግፎ አያዳምጥም። ኅዳር ላይ ስድስተኛ ፎቅ ሦስት ቀን ሙሉ ቀዝቅዞ ሲቆይ ሰዎቹ ኮሪደር ላይ ቆመው ያንተን ስም እያነሱ ነበር። እማዬ ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዙራዋለች። ያ ለልምምድ ስንወድቅበት የኖርነው ባዶ ቦታ አሁን የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል።

ከእኛ በታች ያለችውን ሴትዮ አስታወስካት? እኔና አንተ በወደቅን ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን የምትደበድበውን? ከቀብርህ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ላይ ወጥታ በራችንን አንኳኳች። ጸጥታው አስጨንቋት ነው የመጣችው። መሞትህን ስነግራት እዚያው በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔም በሁለት እጄ እጇን ይዤ ቆምኩ።

አባዬ፣ መጀመሪያ የተዋወቅንበትን ሰሞን ሳስበው አሁንም ሳቄ ይመጣል። አባትና ልጅ ተዋወቁ ሲባል ይገርማል፤ ግን እውነት ነው። አንተ ከአዲስ አበባ ስትወጣ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስፖንሰር አድርገህ ስታመጣን አስራ አንድ ሆኖኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ድምፅህን ብቻ ነው፤ ስልክ ውስጥ የምትኖር አባት ነበርክ። ቶሮንቶ ኤርፖርት ላይ ለእኔ የሚበልጠኝ ካፖርት ይዘህ ቆመህ ሳይህ እማዬ ጀርባ ተደበቅሁ። አንተም አልተጠጋኸኝም። ካፖርቱን ለእማዬ ሰጥተሃት “እሷ ታልብስሽ” አልከኝና ሻንጣዎቹን መቁጠር ጀመርክ። ሁለት ሻንጣ ብቻ ነበር የያዝነው፤ አንተ ግን ደጋግመህ ቆጠርካቸው። እንደ እኔ ዓይን አፋር መሆንህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

እማዬ ወዲያው የአረጋውያን ቤት ሥራ አገኘች። ሺፍቷ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት የምንገናኘው እኔና አንተ ብቻ ነበርን። ዳቦ በሻይ እንበላለን። አንተ “ትምህርት እንዴት ነው?” ትላለህ፤ እኔ “ደህና ነው” እላለሁ፤ ከዚያ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ስለሚከብደኝ በክፍል ውስጥ ዝም፤ ቤትም መጥቼ ዝም። እንዲህ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየን። አንድ ቀን ግን ብድግ ብለህ ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፋኸውና ጀርባህን እንደሰጠኸኝ “ጋሽ ዛውር የሚባል ሰው ነበር” አልክ።

ሌላ ልጅ የጥንቸልና የጅብ ተረት ይነገራት ይሆናል። ለእኔ የተነገረኝ የአንድ የሶቭየት ትግለኛ ታሪክ ነው።

በስኮላርሺፕ ወደ ሶቭየት ኅብረት ስትሄድ አስራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። የሕንፃ ማሞቂያ ልትማር ሄደህ ማደሪያህ ግን አይሞቅም ነበር፤ ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ ትስቃለህ። አንድ ቀን ከብርድ ሸሽተህ አጠገባችሁ ያለ የትግል አዳራሽ ገባህ። አሰልጣኙ እንዳያባርርህ ጥግ ላይ ያየኸውን መወልወያ አንስተህ ምንጣፉን መወልወል ጀመርክ። ማንም ሳያዝህ፣ ማንም ሳይከለክልህ፣ ሥራህ ሆኖ ቀረ። ከዚያ የዛውር የልምምድ ጓደኛ የታመመ ቀን፣ ዛውር ጣቱን ወደ አንተ ቀስሮ “ና” አለህ። “ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ጣለኝ” ትል ነበር፤ ልክ ሌላው ሰው “አራት ዓመት ሙሉ አስተማረኝ” እንደሚለው።

እሱም ወደዚያ አዳራሽ በልጅነቱ የመጣው ሊሞቅ ነበር አልከኝ። ቤታቸው ማገዶ ሲያልቅ እናቱ “እዚያ ሂድና ተጫወት” ብላ ትልከው ነበር። ሲጫወት ሲጫወት የከተማውን ልጆች ጣለ፤ ከዚያ የሪፐብሊኩን፤ ከዚያ የመላው ሶቭየት ሻምፒዮን ሆነ። የአገሩን ውድድር ማሸነፍ ከዓለም ውድድር ይከብድ እንደነበር በጣትህ እየቆጠርክ አስረዳኸኝ። ከአስራ አምስቱም ሪፐብሊክ የሚመጡት ሁሉ ዓለምን ማሸነፍ የሚችሉ ነበሩ፤ ወደ ውጭ የሚላከው ግን በየክብደቱ አንድ ሰው ብቻ ነው። ነጻ ትግል ማለት እግርም መያዝ የሚፈቀድበት እንደሆነ ነገርከኝ። ዛውር ጎንበስ ሲል የወደቀ መርፌ የሚፈልግ ይመስላል፤ ተጋጣሚው ምን ጠፋው ብሎ ሲያይ የገዛ እግሩ ከመሬት ተነስቷል። ይህን ልታሳየኝ ጎንበስ ስትል ወገብህን ያዘህና ቀና ማለት አቅቶህ ቀረህ። በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

የዓለም ወርቅ አመጣ። ጉልበቱ ሙሉ በሆነበት ጊዜ ደግሞ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ደረሰ፤ በፖለቲካ ጠብ አገሩ አልሄደችም፤ የእኛም አገር አልሄደችም። የፍጻሜው ቀን ዛውር እንደ ማንኛውም ቀን ወደ አዳራሹ መጣ። ራዲዮኑን አጠፋው። አንተን ጠራህ። “ያን ቀን በጣም በቀስታ ነው የጣለኝ” አልከኝ። “እንደ እንቁላል አስቀመጠኝ። ሰውየው እያዘነ መሆኑን በጀርባዬ አወቅኩ።” ሻይህ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደቀዘቀዘ ጠጣኸው።

እኔን ግን መጣል አላስተማርከኝም። መውደቅ ነው ያስተማርከኝ። “እኔ የማውቀው እሱን ነው” ብለህ። አገጭሽን ወደ ደረትሽ፣ ትንፋሽሽን አውጪ፣ በመዳፍሽ ምንጣፉን ምቺው። ትከሻዬን ገፋ ታደርገኛለህ፤ እወድቃለሁ፤ ወዲያው “እኔን!” ትላለህ። ራስህ ገፍተኸኝ ራስህ “እኔን!” ትላለህ። ለዛውርም እንዲሁ ትለው እንደነበር ነግረኸኛል። ሲያንሸራትተው ወይም ጉልበቱን ቀጭ ሲያደርገው ቃሉ ሳታስበው ካፍህ ይወጣል። እዚያ አዳራሽ ሰው ሲወድቅ ዝም ነው የሚባለው። እሱ ግን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀህ። “ባንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው” ብለህ ብትተረጉምለት “አንተማ ይኸው በየቀኑ እየወደቅክልኝ አይደል?” ብሎ ሳቀብህ።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ባስ መቆሚያው ጋ በረዶ አንሸራቶኝ የክፍሌ ልጆች ሁሉ ፊት ወደቅኩ። አገጬን ወደ ደረቴ፣ ትንፋሼን አወጣሁ፣ በመዳፌ መታሁ፣ ተነሳሁ። ማንም አልሳቀም። ያን ቀን ለአንተ ለመንገር ከባሱ እስከ ቤት ሮጬ መጣሁ፤ ለአንተ የምነግረው ነገር ኖሮኝ ስሮጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሁሉም የምወደው ግን የጫማውን ታሪክ ነበር። አስር ጊዜ አስነግሬሃለሁ። ዛውር ትግል ሊያቆም የመጨረሻ ግጥሚያውን በገዛ ከተማው ያደረገበት ቀን። አሸነፈ። ምንጣፉ መሃል ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና በካልሲው ወጣ። የትግል ሰዎች ወግ ነው፤ ጫማውን ምንጣፉ ላይ የተወ “በቃኝ” ማለቱ ነው። አዳራሹ ሙሉ ተነስቶ ያጨበጭባል፤ ሽማግሌዎቹ ያለቅሳሉ። አንተ ይህን ወግ ማንም አልነገረህም። መወልወያህን ይዘህ ጥግ ላይ ቆመሃል። ያየኸው አንድ ታላቅህን ነው፤ ጫማውን ረስቶ በካልሲ ሲሄድ። ውጪ ደግሞ በረዶው እስከ ጉልበት ነው። መወልወያውን ጣልክ፤ ጫማውን ብድግ አደረግክ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል “ጋሼ! ጫማህን! ጫማህን ረሳህ!” እያልክ ሮጥክ። አዳራሹ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ዛውር ዞር ብሎ አየህና ጫማውን ተቀበለህ።

ሁልጊዜ እዚህ ላይ ታቆማለህ። “ከዚያስ?” ስልህ “ከዚያማ ተቀበለኝ” ብለህ ሻይ ልታፈላ ትነሳለህ።

ማጠቢያው ቆሟል። ጨርቁንም ደብተሬንም ወደ ማድረቂያው አዛወርኩ። ከእንግዲህ ማዘግየት አይሆንም፤ የዋሸሁህን ልንገርህ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጠኸኝ። የዛውርን ስም በሩሲያ ፊደል ጽፈህበት ነበር። ኢንተርኔት ላይ እንድፈልግልህ ጠየቅኸኝ። ያን ቀን ነው የታሪኩን መጨረሻ የነገርከኝ፤ መሬት መሬት እያየህ። ጫማውን በእጁ ከተቀበለ በኋላ የስፖርት አለቆቹ “ይኸው አንስቶታል፤ ስለዚህ አላቆመም” ብለው ያዙት። ሌላ አንድ ዓመት ታገለ። በዚያ ዓመት መጨረሻ በአንድ ጎረምሳ ተሸነፈ፤ ጉልበቱም ተበላሸ፤ በድጋፍ ነው ከምንጣፉ የወጣው። አሸንፎ፣ ተጨብጭቦለት መውጣት የነበረበት ሰው አነከሰ። አንተ ይህን በራስህ አሳበህ፣ ትምህርትህን ስትጨርስ ሳትሰናበተው ወደ አገርህ ተመለስክ። ዕድሜ ልክህን ይህን ይዘህ ኖርክ።

“ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ራሱ አይሄድም፤ ሽማግሌ ይልካል” አልከኝ። “እዚህ አገር ማንን ልላክ? አንቺን ልላክ እንጂ። ስታገኚው መጀመሪያ አንቺ አናግሪልኝ። ‘ታደሰን ታስታውሰዋለህ ወይ? ተቀይመኸዋል ወይ?’ ብለሽ ጠይቂው። ከተቀየመኝ ስልኩን ዝጊው፤ ይቅር።” አስራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ አባዬ። እንኳን ሽምግልና ልላክ፣ ሱቅ ገብቼ ዋጋ መጠየቅም ይጨንቀኝ ነበር።

አገኘሁት። በማግስቱ አገኘሁት። ያንተን ፊደል አንድ በአንድ እያየሁ ስጽፈው ፎቶ መጣ። ፀጉሩ ነጭ፣ ጆሮው እንደነገርከኝ የተጨማደደ፣ በልጆች መሃል የቆመ ሽማግሌ። የሚኖረው ሩሲያ አይደለም፤ እዚሁ ቶሮንቶ ነው። ፊንች መንገድ አካባቢ ከአንድ ጋራዥ በላይ የትግል ማሰልጠኛ አለው። ከቤታችን በባቡርና በባስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የስልክ ቁጥርም ነበረው። ደወልኩ። ወፍራም ድምፅ “ሄሎ” አለ፤ ዘጋሁት። እንደገና ደወልኩ፤ ዘጋሁት። ሦስተኛ ጊዜ ያለኝን ድፍረት ሁሉ ሰብስቤ ደወልኩ፤ ትንፋሹን ሰማሁና ዘጋሁት።

ማታ ከሥራ ስትመለስ ቦት ጫማህን እንኳን ሳታወልቅ አየኸኝ። “አልተገኘም” አልኩህ። “ይሁን” አልክ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደህ በአራት አጠፍከውና የሥራ ጃኬትህ ኪስ ከተትከው። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ደፍሬ ልደውልና እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ ጥር መጣ፤ ማሞቂያው ክፍል ውስጥ ልብህ ቆመች።

ጃኬትህን በላስቲክ አድርገው ሲሰጡን ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ አውጥተህ አይተኸዋል ማለት ነው። ለእማዬ ነገርኳት። አቅፋኝ “ምንም አይደል፤ ልጅ ነሽ” አለችኝ። ምንም እንዳልሆነ ግን ማመን አቃተኝ።

ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን ወደ ዛውር ማሰልጠኛ ሄድኩ። ከቪክቶሪያ ፓርክ ባቡር ያዝኩ፤ ብሎር ላይ ቀየርኩ፤ እስከ ፊንች፤ ከዚያ ባስ። የምናገረውን በእንግሊዝኛ ጽፌ ባሱ ውስጥ ሳጠናው ነበር። ጋራዡ ጎን ያለውን ደረጃ ወጥቼ በሩ ጋ ስደርስ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ልጆች እየወደቁ ይነሳሉ፤ ላብና ላስቲክ ይሸታል፤ ሞቅ ያለ ነው። እሱ መሃል ቆሟል፤ ከፎቶው ያጥራል። አየኝና ልትመዘገብ መጣች ብሎ መሰለኝ እያነከሰ ወደ እኔ መጣ። ዞሬ ልወጣ ነበር፣ አባዬ። እውነቴን ነው፤ አንድ እግሬ ደረጃው ላይ ነበር።

ያኔ የተጠቀለለ ምንጣፍ እግሩን ጠለፈውና ተንገዳገደ። እኔም ሳላስበው “እኔን!” አልኩ።

ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ያንን ቃል መልሶ፣ ቀስ ብሎ፣ “እኔን” አለ። ቀጥሎም “ታዴሴ?” አለኝ። ስምህ ነው። እንዳንተ አድርጎ አይጠራውም፤ ግን ስምህ ነው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱም እያቃሰተ አጠገቤ ተቀመጠ።

እንግሊዝኛው እንደ እኔው ነው። ቃል ይጠፋዋል፤ ይቆማል፤ በእጁ ይጨርሰዋል። ለዚህ ይሆናል ያላፈርኩት። ሁሉንም ነገርኩት። መሞትህን፣ ወረቀቱን፣ ስልኩን። “ሦስት ጊዜ የዘጋሽብኝ አንቺ ነሽ?” አለኝ። “እኔ ደግሞ ምንጣፍ አጣቢ ድርጅት መስሎኝ ተሳድቤያለሁ።” ከዚያ “መጥፎ ነው” አለኝ። “በጣም መጥፎ ነው። ግን መጣሽ።” አይዞሽ አላለኝም፤ ምንም አይደል አላለኝም። ከሄድክ ወዲህ ከተባልኩት ሁሉ ትንሽ ቀለል ያደረገኝ እሱ ነው።

የላክኸኝንም ጠየቅኩት፣ አባዬ። ዘግይቼም ቢሆን ሽምግልናዬን ፈጸምኩ። “ታደሰ ‘ተቀይመኸኛል ወይ?’ ብሏል” አልኩት። ገና ሳልጨርስ ድምፁ ከፍ አለ፤ ልጆቹ ልምምዳቸውን አቁመው አዩን። “እሱ? እኔን? አራት ዓመት ያነሳሁትና ያፈረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የሚጠይቀኝ እሱ ነው?”

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ ስማኝ። ጉልበቱ የተበላሸው በዚያ በመጨረሻው ዓመት አይደለም። ከዚያ በፊት ነው። ከአለቆቹ ደብቆ፣ ከሐኪም ደብቆ፣ ከአንተም ደብቆ ነበር የሚታገለው። ሊያቆም የነበረውም ለዚህ ነው። አለቆቹም አላስገደዱትም፤ ራሱ ነው ልመለስ ያለው። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። “ጫማዬን ሳስቀምጥ ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ” አለኝ። “ለሞተ ሰው የሚጨበጨብ መሰለኝ። ስወጣ ከኋላዬ አንድ ልጅ እየጮኸ መጣ። ያ ሁሉ ሰው ሻምፒዮኑን ነበር የሚያየው። እግሬ እንደሚበርደው ያሰበው እሱ ብቻ ነው።” በዚያ ምክንያት አንድ ዓመት ለራሱ ታገለ። ለአገሩ አይደለም፤ ለወርቅም አይደለም። ተሸነፈ፤ የጣለው ጎረምሳ ራሱ ያሰለጠነው ልጅ ነበር። ከሁሉም ዓመታት ያን ዓመት ነው የሚወደው። ይህን ሊነግርህ ማደሪያህ ድረስ በዱላ እየተደገፈ መጥቶ ነበር፤ አንተ ግን ሄደህ ነበር።

ሁለታችሁም ትፈላለጉ ነበር ማለት ነው። አንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ባቡር። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል። ቁጭቱ እንዲተወኝም አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አልታገልም፤ ምንጣፉን እወለውላለሁ። ለአዲስ ልጆች ደግሞ አወዳደቅ አሳያለሁ፤ አፌን መክፈት ስለማያስፈልገው ይቀለኛል። የገና ሰሞን ቤታችን ጠራሁት። እማዬ ቀድማ “ይሄ ሩሲያዊ ደግሞ ምናችን ነው?” ስትል ነበር፤ በሩን ከፍታ ማንከሱን ስታይ ግን “ጋሽ ዛውር፣ ይግቡ፣ ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ” ብላ ያንተን ወንበር ሳበችለት። ሲበላ “ኧረ ይብሉ፣ ምነው ፈሩት?” እያለች ሳህኑ ላይ ትጨምርበታለች። እሱ የሚያውቀው አማርኛ አንድ ቃል ብቻ ነው። ማንኪያ ወደቀ፤ “እኔን!” አለ። እማዬ አስነጠሳት፤ “እኔን!” አለ። ጠግቦ ሲነሳም “እኔን!” አለ። እማዬ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም፤ መጨረሻ ላይ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት፤ እሱም ፎቶህን ወደ ራሱ አቅርቦ ተቀመጠ።

ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወደ አንተ እንመጣለን። ጋሽ ዛውርም ይመጣል። ያንን ጫማ ይዞ ይመጣል። አለው፤ ሳጥን ውስጥ ጠቅልሎ አስቀምጦት ነው የኖረው፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ ማሰሪያው አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ ነው። ከመጨረሻው ሽንፈት በኋላ ምንጣፍ ላይ አልተወውም። “ያን ጊዜ ሮጦ መለሰልኝ” አለኝ። “አሁን እሱ ጋ ነው የምተወው።” መቃብርህ ላይ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦት ሊሄድ ነው።

እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የእኛን ሰው ታውቃለህ። አንድ ያነከሰ ሽማግሌ ጫማ አስቀምጦ በበረዶ ሲሄድ እያዩ ዝም የሚሉ ይመስልሃል? እማዬ ትሆናለች፣ ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ትሆናለች፣ ወይም ቄሱ ራሳቸው፤ አንድ ሰው ብድግ አድርጎት “ጋሼ፣ ጫማዎን ረሱ!” እያለ መሮጡ አይቀርም። ዛሬ ጠዋት ለእማዬ ልነግራት ሞከርኩ፤ ሽንኩርት በበዛበት፣ ወሬ በበዛበት መሃል ድምፄ አልተሰማም። ደግሞ ለእሷ ብቻ ብነግራት አይበቃም። ሁሉም ማወቅ አለባቸው።

ማድረቂያው ሊያበቃ ነው። ፊደሌ አሁን ሲስተካከል ታያለህ።

አባዬ፣ ታሪክህን ይዤዋለሁ። የጫማውን፣ የእንቁላሉን፣ የመርፌውን፤ አንድም አይወድቅብኝም። ቢወድቅም አወዳደቅ አስተምረኸኛል። ነገ ጋሽ ዛውር ጫማውን አስቀምጦ ቀና ሲል፣ ማንም ጎንበስ ከማለቱ በፊት ከእማዬ ጀርባ እወጣለሁ። ሰዎቹ ሁሉ ያዩኛል፤ ይዩኝ። ከመቃብርህ ፊት ቆሜ፣ ኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “ተዉት። አልረሳውም” እላለሁ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ።

ልጅህ፣
ሰላማዊት